መስክ የሚያርፈው መቼ ነው?

ከብት ከበረት ወጥቶ መስክ ላይ ሲደርስ አንዲት ላም መርጦ፣ ከአጠገቧ ቁጭ ብሎ ግማሽ ሰዓት ማየት ብዙ ያስተምራል። ላሟ አንገቷን ታቀረቅርና ምላሷን ታወጣለች። ምላሷ ረጅም ነው፤ እንደ ሞረድም ይሻክራል። አንድ ጭብጥ የሚሆን ሣር ጠቅልሎ ወደ አፏ ይስባል፤ ራሷን ነቅነቅ ስታደርግ ሣሩ ይበጠሳል። ጠጋ ብሎ ላዳመጠ ድምፁ አቡጀዲ ሲቀደድ ይመስላል። አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ፣ ግማሽ እርምጃ ወደፊት፣ እንደገና ጉርሻ። እንዲህ ስትል ውላ በቀን 30 ሺህ ጊዜ ግድም ትገነጥላለች።

“ትገነጥላለች” ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ላም ሣርን እንደ ማጭድ አትቆርጥም። በታችኛው መንጋጋዋ ፊት ለፊት ስምንት ጥርሶች አሏት፤ ከላይ ግን ጥርስ የለም፤ ያለው የጠነከረ ድድ ብቻ ነው። ሣሩን በጥርስና በድድ መሐል ይዛ ትስበዋለች። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ትወስናለች። በምላስ ለመጠቅለል ሣሩ ቁመት ሊኖረው ይገባል፤ ከጣት በታች ባጠረ ሣር ላይ ምላሷ የሚይዘው ያጣል። ሣሩ መሬት ላይ በተጣበቀ መስክ ቀኑን ሙሉ አቀርቅራ የዋለች ላም ማታ ጎኗ ጎድሎ የምትገባው ለዚህ ነው። አልሰነፈችም፣ አልታመመችምም። አፏ ለዚያ መስክ አልተሠራም።

በግ ሌላ ናት። የላይኛው ከንፈሯ ከመሐል የተሰነጠቀ ስለሆነ አፏን ከመሬት አስጠግታ፣ ሥር ሥሩን፣ ቅጠል በቅጠል እየመረጠች ትለቅማለች። ላም በቃኝ ብላ የተወችው መስክ ለበግ ገና ማዕድ ነው። ፍየል ደግሞ ሣር ብትበላም ልቧ ቅጠል ላይ ነው፤ በኋላ እግሮቿ ቆማ፣ የፊቶቹን ግንድ ላይ አሳርፋ፣ በእሾህ መሐል ቀንበጥ ትቀነጥባለች። ግመል ፍየል የማትደርስበትን ይደርስበታል። አህያና ፈረስ ከላይም ከታችም የፊት ጥርስ ስላላቸው ሣሩን እንደ መቀስ ከሥሩ ይቆርጡታል፤ ፈረስ የሰነበተበት ትንሽ ግቢ የተላጨ ራስ የሚመስለው ከዚህ የተነሣ ነው።

እነዚህ ልዩ ልዩ አፎች አንድ መስክ ላይ ሲገናኙ ሁልጊዜ ይሻማሉ ማለት አይደለም። በታንዛኒያ የሴሬንጌቲ ሜዳ ላይ የሜዳ አህዮች ቀድመው ረጅሙንና ሸካራውን አገዳ ይበላሉ። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡት ዊልደቢስት የሚባሉት እንስሳት ተከትለው የተጋለጠውን ቅጠል ይግጣሉ፤ ትንንሾቹ ሚዳቋዎች ደግሞ መጨረሻ ላይ መጥተው ከታች የቀረውን ለምለም ይለቅማሉ። የፊተኛው አፍ ለኋለኛው መንገድ ይጠርጋል። በግና ላም ያለው የደጋ ገበሬም ሳያስበው ይህንኑ ያደርጋል፤ ላሞቹ ካለፉ በኋላ በጎቹ በዱካቸው ይለቀቃሉ።

አፍን ካየን ወደ ሆድ እንግባ። በላም ሆድ ውስጥ የሚሆነውን ለማስረዳት ከጠላ ጋን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ጋን ውስጥ ብቅሉና ጌሾው ገብቶ ተከድኖ ሲቀመጥ ሥራውን የሚሠራው ጠማቂዋ አይደለችም፤ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ናቸው። ላምም እንዲሁ ናት። ሆዷ አራት ክፍል አለው። ትልቁ ክፍል፣ በትልቅ በሬ ከ100 ሊትር በላይ የሚይዘው፣ ሞቃት፣ ጨለማና እርጥብ ጋን ነው። ሣርን ጠንካራ የሚያደርገውን ጭረት እሷ ራሷ መፍጨት አትችልም፤ የሚያፈርሱላት በጋኑ ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን ናቸው። እነሱ ሣሩን አብላልተው የሚተዉትን አሲድ ጉልበት ታደርገዋለች፤ እነሱንም ራሳቸውን፣ በታችኞቹ የሆድ ክፍሎች በኩል ሲያልፉ፣ ትፈጫቸዋለች። ወጥ ቤት ገብቶ ሽንፍላ ያጠበ ሰው ከእነዚህ ክፍሎች አንዱን በእጁ ያውቀዋል፤ ያ እንደ መጽሐፍ ቅጠል በቅጠል የተደራረበው ክፍል ውኃውን ከምግቡ የሚመጥጥበት ነው።

ማመስኳት የዚህ ሥራ ግማሽ ነው። ላም መስክ ላይ የምታኝከው ትንሽ ነው፤ ጠቅልላ ትውጣለች። ጥላ አግኝታ ስትተኛ ያንን ሣር ጉርሻ በጉርሻ ወደ አፏ መልሳ ታደቅቀዋለች። ጉንጯ እብጥ ይላል፣ መንጋጋዋ ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል፣ ከአንድ ደቂቃ ግድም በኋላም ጉርሻው ይዋጣል፤ ጉሮሮዋን ትኩር ብሎ ያየ ሰው የወረደውን ጉርሻ ተከትሎ ሌላው ሲወጣ ያያል። ምራቋ በቀን በአሥሮች ሊትር ይቆጠራል፤ የጋኑን አሲድ የሚያበርደው እሱ ነው። የላም የቀን ውሎ እንግዲህ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ስምንት ሰዓት ግድም ትግጣለች፣ ከዚያ ብዙ ባላነሰ ጊዜ ታመሰኳለች። ዋና ዋናዎቹ የግጦሽ ጊዜዎቿ ማለዳና ከፀሐይ መጥለቂያ በፊት ያሉት ናቸው። ከብት ረፋድ ላይ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚገባበት ቤት ሁለቱንም ማዕድ ያሳጥርባታል። የቆላ እረኞች በሐሩር ወራት ከብቶቻቸውን ሌሊት የሚያሰማሩት ይህንን ስለሚያውቁ ነው።

አህያ ጋን የለውም ማለት ይቻላል። የሚያብላላው በትልቁ አንጀቱ ነው፣ ምግቡ ከጨጓራ ካለፈ በኋላ። ላም ሣሩ በሚገባ እስኪልም ድረስ ትጠብቃለች፤ አህያ ግን የቻለውን ወስዶ የቀረውን ያሳልፍና እንደገና ይበላል። ሣሩ ምርጥ ሲሆን የላም መንገድ ይበልጣል፤ ሣሩ ገለባ ሲሆን አህያ ይሻላል። በበጋ መጨረሻ አጥንቷ የወጣ ላምና ሆዱ የሞላ አህያ አንድ መስክ ላይ ጎን ለጎን የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው። ደረቅ ሣር ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመቶ ሰባት እጅ ግድም በታች ሲወርድ በላም ሆድ ያሉት ተሕዋስያን ራሳቸው ይራባሉ፤ ሥራቸው ይዘገያል፤ ሆዷ ቶሎ ባዶ ስለማይሆን ላሟ መብላት ትቀንሳለች። ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች። ለእንዲህ ያለች ላም ተጨማሪ ገለባ መጨመር ብቻውን አይረዳም፤ ጥቂት የጥራጥሬ ድርቆሽ ወይም ፋጉሎ ግን ጋኑን ያስነሣዋል።

ጋኑ አደጋም አለው። መስከረም ላይ ደጋው መስክ በማገጥ ሲሸፈን፣ የተራበ ከብት ጤዛ ያልረገፈለት ለምለም ማገጥ ላይ በአንድ ጊዜ ከተለቀቀ ሆዱ ውስጥ አረፋ ይሞላል፤ ጋዙ መውጫ ያጣል፤ የግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ይነፋል። በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመለቀቁ በፊት ጥቂት ገለባ ማቅመስ፣ ጤዛው እስኪረግፍ መጠበቅ፣ ማገጡን ቀስ በቀስ ማስለመድ። ጨፌም የራሱ ክፉ ነገር አለው፤ የጉበት ትል እጮች በረግረግ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድገው ሣሩ ላይ ይወጣሉ፤ ውኃ የሚተኛበትን ዳር ከብት የሚያስግጥ ሰው ይህንን ማሰብ አለበት።

እስካሁን ከበላተኛው ወገን ሆነን አየን። አሁን ከሚበላው ወገን እንሁን፤ እኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ሣር እንደ ጠጉር ነው። ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ ያድጋል። ችግኝ የሚያድገው ከጫፉ ስለሆነ ፍየል ጫፉን ከቀነጠበችው ይቆማል፣ ይጎብጣል፣ ወይም ይሞታል። ሣር ግን የሚያድግበት ነጥብ መሬት አጠገብ፣ ከአፍ በታች ተደብቋል። ሣርና ጋጭ እንስሳት እጅግ ረጅም ዘመን አብረው ኖረዋል፤ ሣር የመበላትን ነገር ተምሮታል። እንዲያውም በልኩ የተጋጠ መስክ ካልተጋጠው የተሻለ ለምለም የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ አሮጌው ቅጠል ከላይ ሲነሣ ብርሃን ወደ ታች ይገባል፣ አዲስ ቀንበጥ ይወጣል።

“በልኩ” የሚለው ቃል ውስጥ ግን ሁለት ነገር አለ፤ ብዛትና ጊዜ። ብዙዎቻችን የምናስበው ብዛቱን ብቻ ነው፤ መስኩ የተራቆተው ከብቱ ስለበዛ ነው እንላለን። እውነትነት አለው፣ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። አንድ ሣር ሲጋጥ አዲስ ቅጠል የሚያወጣው በሥሩና በግንዱ ካጠራቀመው ስንቅ ነው። ቅጠሉ ከፀሐይ ምግብ መሥራት ሲጀምር የተበደረውን ይመልሳል። ሳይመልስ ዳግመኛ ከተጋጠ ከተቀነሰው ስንቅ ላይ እንደገና ይቀነሳል። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ሥሩ ማጠር ይጀምራል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የፍራንክሊን ክሪደር ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል፤ የቅጠሉ ግማሽ ሲቆረጥ ሥሩ ብዙም አይጎዳም፤ ከ80 በመቶ በላይ ሲቆረጥ ግን የሥሩ ዕድገት ለብዙ ቀናት ቀጥ ይላል። ከመሬት በላይ የምናየው አጭር ሣር ከመሬት በታች አጭር ሥር ማለት ነው። አጭር ሥር ያለው ሣር ዝናብ አንድ ሳምንት ሲዘገይ ይጠወልጋል፤ ጎረቤት ያረፈው ግን ሳይነቃነቅ ይቆያል። በዚህ ምክንያት “ድርቅ መታን” ከምንለው ውስጥ ጥቂቱ ድርቅ ሳይሆን የሥር ማጠር እንደሆነ አምናለሁ።

ይህንን የጊዜ ነገር ከሁሉ አጥብቆ የጻፈው ፈረንሳዊው አንድሬ ቯዛን ነው። የኖርማንዲ ገበሬም ሳይንቲስትም ነበር፤ ላሞቹ እንዴት እንደሚግጡ በዓይኑ እየተከታተለ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ ሣር ምርታማነት መጽሐፍ አወጣ። የእሱ አነጋገር ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ሣርን የሚያጠፋው አንድ ጊዜ መበላቱ ሳይሆን ሳያገግም መልሶ መበላቱ ነው። አሥር ከብት ዓመቱን ሙሉ የሚንከራተትበት መስክ፣ መቶ ከብት ለሁለት ቀን ገብቶበት ከዚያ ለአንድ ወር ተኩል ከተተወ መስክ ይልቅ ሊራቆት ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከብት ለስላሳ ይወዳል፤ በጣም ለስላሳው ደግሞ ትናንት ከተጋጠው ሥር ዛሬ የወጣው ቀንበጥ ነው። አሥሩ ከብት በነፃነት ሲዘዋወሩ ወደዚያው ጣፋጭ ቦታ ይመለሳሉ፤ ከአጠገቡ ያለው ሳይነካ እየሸመገለ ይሄዳል። አንድ መስክ ላይ የተራቆተ ቦታና አገዳ የሆነ ሣር ጎን ለጎን ያየ ሰው ይህንን ነው ያየው።

መስኩ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ ማንበብ የፈለገ ሰው የሣሮቹን ስም ካወቀ ይበቃዋል። ሰርዶ መሬት ላይ እየሳበ በየአንጓው ሥር የሚተክል ስለሆነ ብዙ መረገጥና መጋጥ ይችላል፤ ሰርዶ ብቻ የቀረበት መስክ ብዙ የተሠራበት፣ ግን ገና ያልሞተ መስክ ነው። ማገጥ የሚበዛበት መስክ ደግሞ መሬቱን በናይትሮጅን የሚያበለጽግ ተክል አለውና ተስፋ አለው። አክርማ ሲበዛ ግን ልብ መባል አለበት። አክርማ ስፌት ለሚሰፉ ሴቶች ውድ ነገር ነው፤ ለከብት ግን ገመድ ነው። ከብቱ ሌላውን እየመረጠ ሲበላ እሱን ስለሚተወው፣ ከዓመት ዓመት ቦታውን ሁሉ ይወርሳል። ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስል፣ ሲጠጉት ግን አንድ ጉርሻ የማይገኝበት መስክ ብዙ ጊዜ የአክርማ መስክ ነው። በክረምት ሌላም ጉዳት አለ፤ መረሬ አፈር ውኃ ጠጥቶ ለስልሶ ሳለ ከብት ሲረግጠው ዱካው እንደ ጡብ ይደርቃል፣ አየርም ውኃም አያስገባም።

ለመሆኑ ዕረፍትን ሕግ ያደረገ ሕዝብ በአገራችን አለ? አለ፤ እንዲያውም ቀደም ብሎ ነበር። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ጓሣ የሚባል 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም ስፋት ያለው ደጋ አለ። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። የጓሣ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይሆናል፤ የጓሣ ክዳን ያለው ቤት ዘመን ይቆጥራል። በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢውን ያቀኑት አስቦና ገራ ቦታውን ለሁለት ተካፈሉት፤ የእነሱም ዘሮች “ቄሮ” በሚባል ሥርዓት ይዘውት ቆዩ። (ቃሉ ዛሬ በሌላ ትርጉም ከሚታወቀው ጋር እንዳይምታታ።) የሥርዓቱ ኃላፊ አባ ቄራ ይባል ነበር፤ በተጠቃሚዎቹ የሚመረጥ ነበር።

ሥርዓቱ ምን ያደርግ ነበር? ቦታውን ይዘጋ ነበር። ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ክረምት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት። በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድም፣ ከብት ማስገባትም፣ እንጨት መልቀምም ክልክል ነበር። ሣሩ ደርሷል ሲባል በበጋ ይከፈት ነበር፤ ቀድሞ አጨዳው ይፈቀድ፣ ከዚያ ከብቱ ይገባ፣ ክረምት ሲመጣ እንደገና ይዘጋ ነበር። ዝናብ ሲጀምር፣ ሣሩ ሊያድግ ሲል መዝጋት፤ ከደረሰና ዘር ከጣለ በኋላ መክፈት። ክሪደርና ቯዛን በመለኪያ የደረሱበት ነገር እዚህ በዓይንና በትዝታ ተደርሶበት ሕግ ሆኗል። ጠባቂ ነበረ፣ ለሰረቀ ሰው ቅጣት ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያኑም የማስታወቂያ ቦታ ነበር።

ሥርዓቱን ቅዱስ አድርጌ ማሳየት አልፈልግም። መብቱ በዘር ሐረግ የሚወረስ ስለነበር ከውጭ የቀሩ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ቅሬታቸውም እውነተኛ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የቄሮ መብት አብሮ ፈረሰ። መሬቱ የሁሉም ሆነ፤ የሁሉም ሲሆን ግን መቼ እንደሚዘጋ የሚወስን ጠፋ። ከብቱ ክረምት ከበጋ ገባ፤ ሣሩ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ነዋሪዎቹ ራሳቸው በአካባቢያቸው ኮሚቴዎች በኩል የመዝጋቱን ሥራ መልሰው ያዙት፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ይታወቃል። ከጠፋው የተረፈው፣ የተመለሰውም፣ የመዝጊያው ጊዜ ነበር።

ጓሣ ላይ የሚግጡት የቤት ከብቶች ብቻ አይደሉም። ጭላዳ በዓለም ላይ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ብቸኛው የዝንጀሮ ዘር ነው፤ ከምግቡ እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው ሣር ሊሆን ይችላል። አጋጋጡ ከላም ፈጽሞ ይለያል። ጋን የሚመስል ሆድ የለውም፣ ምላሱም አይጠቀልልም፤ ያለው እጅ ነው። ቁጭ ብሎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቅጠል በቅጠል ይነቅላል፤ እጁ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። ከፊቱ ያለው ሲያልቅ ሳይነሣ በመቀመጫው ተንፏቆ ሁለት ክንድ ያህል ይጠጋና ይቀጥላል። መቶ ጭላዳዎች እንዲህ ተበትነው ሲለቅሙ ከሩቅ የአረም ደቦ ይመስላሉ።

በዚህ ደቦ መሐል ቀይ ቀበሮ ይመላለሳል። በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኘው ይህ ቀበሮ የሚኖረው በአይጥ ነው። ጓሣ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ ሲያድን ከሦስት ሙከራው ሁለቱ ግድም ይሳካለታል (67 በመቶ)፤ ብቻውን ሲያድን ግን ከአራት አንዱ ብቻ (25 በመቶ)። ጭላዳዎቹም ግልገሎቻቸው አጠገብ እያለ አይሸሹትም። ሣሩ አይጥን ይመግባል፣ አይጥ ቀበሮን። ጓሣ ሲዘጋ የሚያርፈው ሣሩ ብቻ አይደለም።

ከደጋው ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦረና እንውረድ። እዚያ የመስክ ቁልፍ ሣር ሳይሆን ውኃ ነው። ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ዋናው ገና የሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ሐገያ የሚባለው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ። ዝናብ ሲኖር ኩሬ ሁሉ ስለሚሞላ ከብቱ ሩቅ ሄዶ ሊግጥ ይችላል። ዝናቡ ሲያባራና ኩሬው ሲደርቅ ሰውና ከብት ቱላ ወደሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ይመለሳሉ። ሰዎች ከጉድጓዱ ወለል እስከ ላይ በመሰላል ተደርድረው ባልዲ እየተቀባበሉ ውኃ ያወጣሉ፤ እየዘፈኑ ነው የሚያወጡት። ማን በየትኛው ቀን ያጠጣል የሚለውን አባ ሄሬጋ ይደለድላል። በደረቅ ወራት ላም በሦስት ቀን አንዴ ብቻ ልትጠጣ ትችላለች፤ ስለዚህ ከጉድጓዱ የምትርቀው የአንድ ቀን ተኩል ያህል ነው።

ይህንን ልብ እንበል፤ ውኃ የሌለበት ሣር የተዘጋ ሣር ነው። ማንም ሳይጠብቀው፣ ማንም ሳያጥረው፣ ኩሬው በመድረቁ ብቻ ሩቁ መስክ ያርፍ ነበር። ቦረናዎች መንጋቸውንም በዚሁ ልክ ለሁለት ይከፍሉታል። የሚታለቡት ላሞችና ጥጆች ወራ ተብለው ከመንደር አጠገብ ይቀራሉ፤ የማይታለቡት ፎራ ተብለው ከወጣቶች ጋር ሩቅ ይሄዳሉ። ከመንደሩ አጠገብ ደግሞ ለጥጆችና ለደከሙ ከብቶች ካሎ የሚባል የታጠረ ሣር ይጠበቃል።

ችግሩ የመጣው ለመርዳት በታሰበ ሥራ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት በዝናብ ወራት ብቻ በሚጋጡ መስኮች ላይ ትላልቅ ኩሬዎች በማሽን ተቆፈሩ። ውኃ ሲኖር ከብት ቆየ፤ ከብት ሲቆይ መንደር ተተከለ፤ ዕረፍት የነበረው መስክ ዓመቱን ሙሉ የሚጋጥ ሆነ። ከኩሬው ዙሪያ የሚጀምር የተራቆተ ክብ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ሄደ። ሁለተኛው ነገር እሳት ነው። ቦረናዎች አሮጌውን ሣርና የግራር ቡቃያ በእሳት ያጸዱ ነበር፤ በ1960ዎቹ መገባደጃ አካባቢ እሳት ሲከለከል ቁጥቋጦው ሣሩን እየበላ መጣ። ላም ቁጥቋጦ መሐል የምታገኘው ጥቂት ነው፤ ግመልና ፍየል ግን ይጠቀሙበታል። ብዙ የቦረና ቤተሰቦች ቀድሞ ብዙም የማያረቡትን ግመል ማርባት ከጀመሩባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ መስኩ አፍ ለወጠ፣ ሰውም ተከተለው። እሳት በእርግጥ አደገኛ ነው፣ ኩሬም ለተጠማ ሰው በረከት ነው። የሚቆጨኝ ውሳኔው ሲወሰን ውኃውና እሳቱ ለሣሩ ምን እንደነበሩ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ቀድመው አለመጠየቃቸው ነው።

ዛሬ በአገሪቱ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አለ። አማካይ 250 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ላም በቀን ስድስት ኪሎ ግድም ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ በአዲስ ሣር ሲሆን ወደ 25 ወይም 30 ኪሎ። ደጋው ላይ ደግሞ ጨፌው እየታረሰ፣ ኮረብታው ባሕር ዛፍ እየለበሰ ነው፤ የቀረው የወል ግጦሽ ላይ የሁሉም መንጋ ይደርስበታል። ስለዚህ ብዛቱን መናቅ አልችልም፤ ዕረፍት ለመስጠት ከብቱ የሚሄድበት ሌላ ቦታ መኖር አለበት። አንዳንድ መንደሮች መፍትሔ ያደረጉት ግማሹን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ አድርገው፣ ሣሩን አጭደው ቤት ለቤት መመገብ ነው። ሸክሙ ይበዛል፤ ብዙ ጊዜም ሸክሙ የሴቶችና የልጆች ነው። መስኩ ላይ ያለው ለውጥ ግን በሁለት ክረምት ይታያል።

እሱን ለማየት ፕሮጀክት መጠበቅ አያስፈልግም። ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ሰፈርዎ ካለው የተጋጠ መስክ የአንድ ሰሌን ስፋት ያህል ይምረጡ፤ ከባለቤቶቹ ጋር ተነጋግረው በእሾህ ይጠሩት። አይኮትኩቱት፣ ዘርም አይዝሩበት። በየሁለት ሳምንቱ ብቻ ይመልከቱት። ሐምሌ ላይ ሰርዶው ከመሳብ ወደ መቆም ይሸጋገራል። ነሐሴ ላይ ከአጥሩ ውጭና ከውስጥ ያለው አፈር ዝናብ ሲወርድበት ልዩነቱ ይሰማል፤ ውጭው ጎርፍ ያሳልፋል፣ ውስጡ ይጠጣል። መስከረም ላይ ማገጡ ያብባል። ጥቅምት ላይ ደግሞ፣ መስኩ ጨርሶ ካልሞተ፣ እዚያ ቦታ ላይ ለዓመታት ያልታየ አንድ ሁለት ሣር ራሱን ያወጣል፤ ዘሩ አፈር ውስጥ፣ ወይም ሥሩ ከአፍ በታች ተደብቆ ቆይቷል። ያንን ሣር ቆርጠው ለሰፈሩ ሽማግሌ ወይም ለአያትዎ ያሳዩአቸው፤ ስሙን ይጠይቋቸው፤ የት የት ይበቅል እንደነበርም።